ሂና በሞተር ሳይክል

ደማም ይበርዳል ብዬ ስጽፍ አገር ቤት ያለው አንባቢ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ደግሞ ጀመራት» ይላል። በእሱ ቤት ሳዑዲ ማለት አሸዋና ፀሐይ ብቻ ናት፤ ሰው ዓመቱን ሙሉ ላቡን እየጠረገ ገንዘብ የሚልክባት። ወሎ ያሉት አክስቶቼ ብርድ ልብስ ገዛሁ ስላቸው ስልኩ ላይ ሳል እስኪያጣድፋቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። በጥር ማለዳ ከባሕሩ የሚነሳውን እርጥብ ነፋስ ያልቀመሰ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ያ ነፋስ በር አያንኳኳም። ልብሱን አልፎ፣ ቆዳውን አልፎ፣ አጥንት ላይ ቁጭ ይላል።

በእርግጥ በመኪና ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ወሬ ነው። ማሞቂያውን ከፍቶ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ ይሄዳል። በሞተር ሳይክል ለሚሄድ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ አፈርኩ።

በሞተር ሳይክል የሚሄደው ሰው እኔ ነኝ።

ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ዓይናፋር ነኝ። ዓይናፋር ስላችሁ ለጨዋነት ያህል አይደለም። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ወንዶች ከተሰለፉ ሳልገዛ የምመለስ፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ካለ ደረጃውን የምወጣ ሴት ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የምሠራው ከደማም ቀጥላ ባለችው ኮበር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሒሳብ ክፍል ነው፤ ሙያውን የመረጥኩት ቁጥር ቀና ብሎ ስለማያይ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ሞተር ላይ ወጥታ ምን ትሠራለች? ትደበቃለች። ሄልሜት ያደረገ ሰው ፊት የለውም። በዚያ ሰፊ ጃኬቴ ላይ ሄልሜቱ ሲጨመር፣ ያየኝ ሁሉ ምግብ የሚያደርስ ጎረምሳ አድርጎ ይወስደኛል፤ አንዳንዱማ ትእዛዙ ለምን እንደዘገየ በመስኮት ይጠይቀኛል። ከኒቃብ የሚበልጥ መሸፈኛ ይህ ነው። ኒቃብ የለበሰችን ሴት አክስቶቿ በአረማመዷ ይለዩዋታል፤ ሞተር ላይ ያለችን ሴት ግን በምን ይለዩዋት?

ሕገ ወጥ ነች ብላችሁ እንዳትጠረጥሩኝ። መንጃ ፈቃዴም የመኖሪያ ወረቀቴ ኢቃማዬም ኪሴ ውስጥ ናቸው። የጎደለኝ ፈቃድ አንድ ብቻ ነበር፤ የእናቴ።

እናቴ ስለ ሞተር ሳይክል ያላት አቋም አጭር ነው፤ የሚነዳው ሰው እናት የለውም። ወይ ሞታበታለች፣ ወይ ሳትመክረው ቀርታለች። ብታውቅብኝ ኸላስ፣ አለቀልኝ ማለት ነበር፤ ሞተሩ በሳምንቱ ይሸጣል፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ አባቴ እያደረሰ የሚመልሰኝ ተማሪ እሆናለሁ። ስለዚህ ሞተሩ የሚያድረው አል አዳማ ሰፈር ካለው ቤታችን ሳይሆን አል ባዲያ፣ ጓደኛዬ ሩቂያ በተከራየችው አሮጌ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ሩቂያ አባያ፣ ያን ጥቁር ረዥም ቀሚስ፣ ትሰፋለች። ባሏን ፈትታለች፤ ምላሷ ከመቀሷ ይሰላል። ስለ ሞተሩ ለሚጠይቃት ሁሉ «ያ የማይረባ ባሌ ጥሎልኝ የሄደው ብቸኛ ንብረት» ትላለች። ሰውየው ብስክሌት እንኳ መንዳት አይችልም ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ፤ እናቴ ከዚያ በታክሲ አብረን የምንሄድ ይመስላታል።

አንድ ቀዝቃዛ ማለዳ ወደ ኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜያለሁ። አጠገቤ አንድ መኪና መጥቶ ቆመ። የአባቴ መኪና። እናቴ ከጎኑ ተቀምጣለች፤ የደም ግፊት ቀጠሮ እንዳላት ረስቼዋለሁ። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አደረገችና ትክ ብላ አየችኝ።

«ሱብሐነላህ! እጁን እየው እስቲ፤ ይንቀጠቀጣል እኮ!» አለችው አባቴን። «ምስኪን። እናት የለውም።»

እናቱ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበረች።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ በላስቲክ የተጠቀለለ ተምር አወጣችና በመስኮቱ ዘረጋችልኝ። «ኹዝ፣ ያ ወለዲ» አለችኝ በዐረብኛ፤ እንካ ልጄ ማለቷ ነው። ድምፄን ስለምታውቀው መናገር አልቻልኩም። ተቀብዬ አንገቴን ነቀነቅኩላት። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከገዛ እናቴ ሶደቃ ተቀብዬ፣ ምርቃቷ ከኋላዬ እየተከተለኝ ሄድኩ። ተምሩን ክሊኒኩ ደርሼ በላሁት። ይጣፍጥ ነበር። እጄ ከብርድ የተነሳ እንደሚንቀጠቀጥ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ የማላዝንለትን እጅ እናቴ የሌላ ሰው ልጅ እጅ መስሏት አዘነችለት። ማሞቅ አለብኝ አልኩ።

የሚሞቅ እጀታ የሚባል ነገር አለ። ከመሪው ላይ የድሮው የጎማ እጀታ ይወጣና ውስጡ ማሞቂያ ሽቦ ያለበት ይገባል፤ ሽቦው ከባትሪው ይገናኛል፤ በቃ ይሞቃል። በኢንተርኔት ላይ አንድ ጢማም ሰውዬ እያፏጨ ሲጨርሰው አይቻለሁ። ጋራዥ እንዳልወስደው ጋራዡ በወንድ የተሞላ ነው፤ ሄልሜት አድርጌ ዋጋ ልከራከር አልችልም። ስለዚህ አንድ ዓርብ ከሩቂያ ጋር ግቢዋ ውስጥ ቁጭ አልን።

የድሮው እጀታ አልወጣ አለ። በሳሙና ውሃ ለመንኩት፤ እምቢ። በፀጉር ማድረቂያ አሞቅኩት፤ እምቢ።

«አቦ ምን ታባብይዋለሽ፣ ባል ነው እንዴ?» አለችና ሩቂያ መቀሷን አምጥታ ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው።

አዲሱን ስናስገባ ደግሞ የቀኙ ጠበበን። ገፋን፣ ታገልን፣ ሩቂያ በእግሯ ሞተሩን ደግፋ ተንጠለጠለችበት። ለካ ነዳጅ መስጫው በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ የቀኙ እጀታ ሰፋ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ እኛ ቀኙ ላይ ልናስገባ የምንታገለው የግራውን ነው። ያ ሲስተካከል ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘሁት፤ ሲሞቅ አየሁ፤ በደስታ ሳላጠፋው ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ባትሪው ሞቶ ጠበቀኝ። ሌሊቱን ሙሉ ማንም ያልያዘውን እጀታ ሲያሞቅ አድሮ ኃይሉን ጨርሷል።

«ልክ እንደ እኔ ትዳር» አለች ሩቂያ።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ እንዲሞቅ አድርጌ እንደገና ቀጠልኩት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጉድ ያደረገኝ እሱ ነው። ለጊዜው ግን ወላሂ፣ በዚያ ብርድ ውስጥ መዳፌ ሞቆ መንዳት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ደረቴን ይደበድበኛል፣ እጆቼ ግን ሞቅ ያለ ቤት እንደተጋበዙ እንግዶች ናቸው።

አሁን ወደ ታናሽ እህቴ ሐያት ሠርግ እንሂድ። ሠርጉ አል ዐዚዚያ ባሕሩ ዳር በተከራየ አዳራሽ ነበር፤ የሂናው ቀን ግን፣ የእኛ ቤት ጠባብ ስለሆነ፣ በዋዜማው ሩቂያ ቤት ተደረገ። ሂና ቀቢዋ ከሰዓት በፊት መጣች። መጀመሪያ የተቀባሁት እኔ ነኝ። ታላቅ ሆኜ ያላገባሁ ስለሆንኩ እዚሁ ደማም ያሉት አክስቶቼ ሁሉ «እሷን አስቀድሙ፣ ዕድሏ ይፈታ» ብለው ገፈተሩኝ። ዕድሌ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር።

ሂናው ገና እጄ ላይ እርጥብ ሳለ ሁለት ነገሮች ሆኑ። ዝናብ ጣለ፤ ደማም ዝናብ ሲጥል ጎዳናው ሐይቅ ይሆናል፣ ታክሲ የሚባል ነገር ከምድር ይጠፋል። ቀጥሎም የሐያት ተርሓ፣ ያ ነጩ የሙሽራ ሻሽ፣ ኮበር ያለው ጥልፍ ቤት እንደቀረ ትዝ አለን። ጥልፍ ቤቱ ያን ማታ ከዘጋ ሠርጉ እስኪያልፍ አይከፍትም። አባቴ መኪናውን ይዞ እንግዶች ሊቀበል ኤርፖርት ሄዷል። ሐያት ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ አመጣዋለሁ» አልኩ።

«በምን?» አለች እናቴ።

«ታክሲ አላጣም፣ እማ።»

ሩቂያ ማድ ቤት ወስዳ እያንዳንዱን ጣቴን ምግብ በሚሸፈንበት ስስ ላስቲክ ጠቀለለችልኝ፤ በላዩ ላይ ከክሊኒክ ያመጣሁትን ጓንት አጠለቅኩ። ሴቶቹ ድቤውን እያጋሉት ስለነበር ሞተሩ ሲነሳ የሰማ የለም። ኮበር ደርሼ እስክመለስ እጀታውን እስከ መጨረሻው አሙቄ፣ በመኪኖቹ መሃል እየተሹለከለክሁ፣ ተርሓውን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ተመለስኩ። ሞተሩን ሸራ አለበስኩት። «ታክሲ አገኘሽ?» አሉኝ፤ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። አልሐምዱሊላህ ውሸት አይደለም።

ከዚያ ሁሉም ሂናውን ታጠበ።

ሂና ሙቀት ይወዳል። ያን ቀን ብርዱና ዝናቡ ተባብረው የማንንም ሂና አላስያዙም። የአክስቶች እጅ ብርቱካን ሆነ። የሐያት እጅ፣ የሙሽራዋ እጅ፣ ካሮት ሆነ። የእኔ መዳፍ ግን ጥቁር ደም መሰለ፤ የጣቶቼ ውስጥ ደግሞ የእጀታው ጎማ መስመር በመስመር ታትሞበታል። እጄን ጀርባዬ ላይ ደበቅኩት።

ይህ እንዲህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በእኛ ሴቶች ዘንድ የሙሽራ ሂና ከጠቆረ አማቷ ትወዳታለች ይባላል። አማቷ ሐጃ ፋጡማ ደግሞ ከዝናቡ ተሟግተው ከኮበር መጥተው ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። የሐያትን እጅ ይዘው አዩና «ማሻአላህ» አሉ። ማሻአላሁ አጭር ነበር። ሐያት እጇን ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገች።

«እህቷ ጋ ግን ይዟል!» አለች አንዷ አክስቴ እጄን ከጀርባዬ ስባ እያወጣች። ክፍሉ በሙሉ መዳፌ ላይ ተደፋ። እኔ፣ ሊፍት የምፈራው፣ በሴት ሁሉ መሃል እጄን ተይዤ ቆምኩ።

«ምን አድርገሽበት ነው፣ ልጄ?» አሉ ሐጃ ፋጡማ። «በቅርንፉድ ጢስ ነው ያሞቅሽው? ይሄ ጥለትስ? እንዲህ ያለ የሂና ነቅሽ አይቼ አላውቅም።»

«ንገሪያቸዋ!» አለች ሐያት እያለቀሰች። «የኔን ካሮት አድርገሽ አንች ትጠቁሪያለሽ?»

ሩቂያን አየኋት። ሩቂያ ጣሪያውን አየች። በአንድ በኩል ሞተሬ፣ በሌላ በኩል የእህቴ ካሮት እጅ። ዝም ብል ቅርንፉድ ነው ብለው ያልፉ ነበር።

«ውጭ... ግቢው ውስጥ ያለው ሞተር» አልኩ። «እጀታው ይሞቃል።»

«የማን ሞተር?» አለች እናቴ።

«የባሌ!» አለች ሩቂያ ቶሎ ብላ።

«ባልሽ ደግሞ መቼ ወጥቶ ነው እጁ የበረደው?» አለቻት እናቴ።

ለክርክር ጊዜ አልነበረም፤ ዝናቡም አባርቷል። ሐያት እንደገና ተቀባች፣ በላስቲክ ተጠቀለለች፣ አረንጓዴ የሐር ቀሚሷን ሰብስበን ሞተሩ ላይ አወጣናት። ሸራው ተነሳ። እጀታው ሞተሩ ካልተነሳ አይሞቅም ብያችሁ ነበር። ቁልፉን ከጡት መያዣዬ አወጣሁ፣ ፍሪሲዮኑን ያዝኩ፣ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩ፤ ሞተሩ ተነሳ። እጄ ይህን ሁሉ ያደረገው እኔን ሳያማክር ነው። ድቤው ቆመ።

«እኔ ነኝ ያሳየኋት» አለች ሩቂያ፤ ማንም አልሰማትም።

ሐያት ሞቃት። «ወላሂ ይሞቃል! እማ፣ ይሞቃል!» ብላ ሳቀች፤ እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ ነበር። ከእሷ በኋላ ሐጃ ፋጡማ ለሂናው ሳይሆን ለቁርጥማታቸው ብለው አንዴ ልያዘው አሉ፤ ከጨበጡት በኋላ ግን አልወርድም አሉ። ከዚያ አክስቶች ወረፋ ያዙ። በሠርግ ወረፋ ሲጣሉ አይቼ የማላውቃቸው ሴቶች «አንች አሁን ይዘሽ አልነበር?» መባባል ጀመሩ። የሐያት እጅ ሲታጠብ የበሰለ ተምር መሰለ፤ የሐጃ ፋጡማ ሁለተኛው ማሻአላህ ረዥም ነበር። ከእነዚያ ሁሉ ሴቶች መሃል ይህ የሂና ማሞቂያ ሁለት ጎማ ለምን እንዳስፈለገው የጠየቀች አንዲትም የለች።

እናቴ ብቻ ጎማውን አየችው። ባለቤቱ ጥሎት ከሄደ ዓመታት ያለፉት ሞተር፣ ጎማው እስከ ወገቡ በእርጥብ ጭቃ ተለውሷል። ተራዋ ሲደርስ መጨረሻ ላይ መጣችና ሞተሩ ላይ ተቀምጣ ሂና ተቀብተው በላስቲክ የተጠቀለሉ እጆቿን እጀታው ላይ አሳረፈች። ከአክስቶቼ አንዷ ለልጇ ሠርግ ይሁነኝ፣ ሽጭልኝ ብላ ሩቂያን ስትጨቀጭቃት፣ እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ይሄ ዕቃ አይሸጥም!» አለች። «የሠርግ ዕቃ ነው፤ እዚሁ ይቀመጣል።»

ሴቶቹ ወደ ውስጥ ገቡ። እናቴ አልተነሳችም። ሞተሩ ከሥሯ ቀስ እያለ ይንተከተካል። እኔን ሳታይ፣ እጀታውን እያየች፣

«ያን ቀን መብራቱ ላይ ይሄ ቢኖርሽ፣ እጅሽ እንዲያ አይንቀጠቀጥም ነበር» አለች።

ያኔውኑ አውቃ ነው ወይስ ጭቃውን አይታ? እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣልኝ «ተምሩ ይጣፍጥ ነበር» የሚል ብቻ ነው። ሄልሜቴ ማድ ቤት ውስጥ፣ ድስቶቹ ኋላ ተደብቆ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ፈልጌው አላውቅም።