ብርን በጥርሱ የሚያውቅ ሰው

ብርን ነክሶ የሚለይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ አያ ደምሌ እንዲያ ነበሩ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ለሚድሯት ልጃቸው የአንገት መስቀል ሊያሠሩ ላሊበላ አንድ አንጥረኛ ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። አንጥረኛው የብር፣ የመዳብና የብረት ሽቦ ዘርግቷል።

“አባባ፣ ብሩ ይኸኛው ነው” አላቸው።

“ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ብር ለጥርስ ይለዝባል!” አሉና ሌላውን አንስተው ጥርቅም አድርገው ነከሱት።

“ኧረ እሱስ ብረት ነው፣ ይተዉ!”

ማን ሰምቶ! የፊት ጥርሳቸው ቀጭ ብሎ መዳፋቸው ላይ ወደቀ።

መስቀሉ ከብሩ ሽቦ ተሠራ፤ ልጅቷም አምሮባት ተዳረች። አያ ደምሌ ግን ሠርጉን ሙሉ አፋቸውን አልከፈቱም። ቢስቁ ክፍተቱ፣ ቢናገሩ ፉጨቱ ያጋልጣቸዋላ! ከብልባላ የመጡት የሙሽራው ዘመዶች ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

“እንዴት ያሉ ቁጥብ፣ ጨዋ አባት ናቸው!”