የሙዚቃው ባትሪ

ለዘፈን ብሎ መኪናው ላይ ሁለተኛ ባትሪ ያስገጠመ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ እስካሁን ከድንጋጤዬ አልተመለስኩም።

ጎረቤቴ ናስር አሮጌ ፔጆ ታክሲ አለው። ዕቃ መጫኛው ውስጥ ስፒከር ደርድሮ፣ ለነሱ ብቻ የሚሆን ባትሪ አስሮላቸዋል። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሲከፍተው፣ ራቅ ብለን ፈላና በር ሻይ የምንጠጣ ሰዎች ብርጭቋችንን እንይዛለን።

በቀደም ጠዋት ጎረቤታችን እማማ አስካለ ትንፋሽ አጠራቸውና በጠባቡ መንገድ ተሸክመን ታክሲው ውስጥ አስገባናቸው። ናስር ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጭጭ አለ። የሞተሩ ባትሪ ሞቷል።

"አቦ፣ የኋላውን ፈተህ ግጠመው እንጂ" አልኩት።

"አስተግፊሩላህ! እሱማ የሙዚቃው ነው።"

እንዲህ ያለ መልስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የምንከራከርበት ጊዜ ስላልነበረን ሰፈሩ ተጠራርቶ መግፋት ጀመረ። እሱ መሪውን ይዞ፣ እንድንበረታ በማሰብ ዘፈኑን ለቀቀልን። ሞተሩ አንዴም ሳይነሳ ሆስፒታሉ በር ደረስን።

እማማ አስካለ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ነፍስ ሲዘሩ፣ ናስር ደጅ ላይ አዝኖ ተቀምጧል።

"መጨረሻው ላይ የዘፈኑ ድምፅ ሲደክም ሰማኸው?" አለኝ።

ትናንት አዲስ ባትሪ ገዛ ሲሉኝ፣ ተመስገን፣ ልብ ገዛ ብዬ ሄድኩ። ዕቃ መጫኛውን ከፍቶ ከሁለተኛው ጎን ሦስተኛውን ሲያስር ደረስኩ።

"የሞተሩስ?" አልኩት።

ቀና ብሎ በፍቅር አየኝ።

"ለሞተሩማ እናንተ አላችሁ።"