ልቀቁኝ ባዩ

ገላጋይ መኖሩን ሳያረጋግጥ የማይጣላ ሰው አላጋጠማችሁም? እኔ ቢቸና ውስጥ ከአንዱ ጋር አጥር እጋራለሁ። ጋሽ ደምሌ ገና ማንም ሳይዛቸው «ልቀቁኝ» ይላሉ።

ሞጣ ላቦራቶሪ ውስጥ ለምትሠራው የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት አልሳቀችም። «በሽታ የሚዋጋልንን አንቲቦዲ የሚያመርቱት የሰውነታችን ሴሎችም እንደዚያው ናቸው። ከራሳቸው ላይ የበቀለ ገላጋይ አላቸው፤ ከእድገታቸው ጀምሮ ካልያዛቸው የገዛ አካላችንን ይደበድባሉ» አለችኝ።

ሳይንስ ነውና መሞከር አለበት። በገበያ ቀን ጋሽ ደምሌ ከበግ ነጋዴ ጋር ተጣልተው ዱላቸውን ሲያነሡ፣ ሰዉን «እባካችሁ ማንም እንዳይዛቸው» አልኩ። ማንም አልያዛቸውም። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ደምሌ ግራ ቀኙን አዩ። በመጨረሻ በግራ እጃቸው የገዛ ቀኝ እጃቸውን ግጥም አድርገው ያዙና «ልቀቁኝ ብያለሁ» አሉ።

ግራ እጃቸው ግን አልለቀቀም።