ዶክተር ዳኜና ዓይነ ደረቋ

ሳይጠሩት የሚመጣ ሐኪም የሌለበት ሰፈር የለም። የላፍቶው ሐኪም አቶ ዳኜ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰር፣ ቢሆኑም ሰፈሩ ግማሽ በክብር፣ ግማሽ በፌዝ «ዶክተር» ብሎ ሾሟቸዋል። ክቡርነታቸው ሰላም ሲሉ የጨበጡትን እጅ ሳይለቁ የደም ሥር ምት ይቆጥራሉ። ለቅሶ ቤት ገብተው የአልቃሹን ምላስ ያያሉ። «እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጉበት ነህ» ይላሉ፤ እሳቸው ዘንድ ሰው ጉበት፣ ኩላሊት ወይም ጨጓራ ነው እንጂ ስም የለውም።

እማዋይሽ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ አፍጥጣ ስለምትውል ዓይኗ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራታል፣ እንባውም ያለ ምክንያት ይወርዳል። አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ዶክተር ዳኜ የዓይኗን ቆብ ገልበጥ አድርገው አዩና ሰው ሁሉ እየሰማ ፈረዱ።

«አንቺ ዓይነ ደረቅ ነሽ።»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። እማዋይሽ ባልዲዋን አስቀመጠች።

«ምን አድርጌ ነው ጋሼ ዳኜ? የማንን ባል ቀማሁ?»

«ዓይንሽ ደርቋል ማለቴ ነው። መርፌው ላይ ስታፈጪ ማርገብገብ ትረሻለሽ። ዓይን ሲደርቅ ይደነግጥና ውሃ ይለቃል፤ ቅባት የሌለው ውሃ ነው፣ አያረጥብም። ቶሎ ቶሎ አርገብግቢ። ቤትሽ ስትገቢ ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ ነክረሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ያዢበት።»

እንባ የሚያፈስን ዓይን ደረቅ ነው የሚል ሐኪም ማን ያምናል? ጨርቁን በድብቅ ሞከረችው፤ መቆርቆሩ ቀለል አለላት። ስሟ ግን ዓይነ ደረቋ ሆኖ ቀረ፣ እሷም ሁለት ወር ሙሉ ዶክተሩን አኮረፈች።

ዘመኑ ማልቀስ የሚያስጠይቅበት ነበር። የእናቷ ልጅ ዲንሳ ለቡ ካለው ቤቱ ከተወሰደ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የአባታቸው ስም ስለሚለያይ የቀበሌው ሊቀመንበር ዝምድናቸውን አያውቅም። ዶክተር ዳኜ ግን ዲንሳን በልጅነቱ ከኩፍኝ ያስታመሙ ናቸውና ያውቃሉ።

እሑድ ስብሰባ ላይ አብዮታዊ እርምጃ የተወሰደባቸው ሰዎች ስም ተነበበ። ዲንሳ አራተኛው ነበር። እማዋይሽ ከንፈሯን ነከሰች፤ እንባዋ ግን አልታዘዝ አላት።

«አንቺ፣ ለማን ነው የምታለቅሺው?» አለ ሊቀመንበሩ።

ዶክተር ዳኜ ሳይፈቀድላቸው ተነሡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አታለቅስም። ዓይነ ደረቅ ናት።»

ቦኖው ወረፋ ላይ የነበረችው ገበያነሽ ከኋላ፣ «እውነታቸውን ነው፣ የታወቀች ዓይነ ደረቅ ናት» አለች። ዶክተሩም ስለ ቅባቱ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ጨርቁ አንድም ሳያስቀሩ ማስረዳት ያዙ። ሊቀመንበሩ ሰለቸውና «በቃ፣ ይቀመጡ» አላቸው።

ስብሰባው ሲያልቅ ደጃፏ ድረስ ሸኟት። የዓይኗን ቆብ አልነኩም።

«ዛሬ ጨርቅ አያስፈልግሽም» አሏት። «ዓይንሽ ደህና ነው። ግቢና በሩን ዝጊው።»

ከዚያ ወዲህ ቦኖው ጋ «ዓይነ ደረቋ» ሲሏት «አቤት» ትላለች።