ትርፍ ቤት በፓርክዴል

እናንተዬ፣ መንግሥት ቤት ሲቆጥር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያየ ሰው አገር ቢቀይር እንኳ ወረቀት ይዞ በር የሚያንኳኳ ሲመጣ ልቡ ድንግጥ ይላል።

እኔና ጋሽ መኮንን ካናዳ፣ ፓርክዴል ውስጥ በሽርክና የገዛናት፣ እኛም የምንኖርባት፣ ስድስት ክፍል የምናከራይባት አሮጌ ቤት ነበረችን። ስድስተኛውን ክፍል፣ ምድር ቤቱን፣ የተከራዩት እትዬ ዘይነባ ናቸው። የሚሰፉበት ፋብሪካ ሥራ ቀንሶባቸው ኪራዩ አቅቷቸዋል፤ እኛም በነጻ እንዳናኖራቸው የባንክ ዕዳ አለብን። ሊወጡ ዕቃቸውን ማሰር ጀመሩ። በዚህ መሃል መንግሥት ኪራይ ላቃተው ተከራይ የጎደለውን ለባለቤቱ እንደሚሞላ ሰማሁ። መንግሥት፣ ለአከራይ! ሦስቴ አስደግሜ ሰምቼ አፕላይ አደረግኩ።

ክፍሎቹን የምትቆጥር ሠራተኛ እንደምትመጣ ለጋሽ መኮንን ነገርኳቸው። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ጋሽ መኮንን አዲስ አበባ ሳሉ ደርግ ትርፍ ቤት ነው ብሎ ሦስት ቤት ወርሷቸዋል። ያኔም የመጣው ቆጣሪ ትሑት ነበር አሉ።

ሴትዮዋ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። መንግሥትን በካልሲ አይቼ አላውቅም! ዞራ ዞራ አምስት ክፍል ብላ ጻፈች። አምስት? ዘወር ስል የጋሽ መኮንን ቁም ሣጥን የምድር ቤቱን በር ግጥም አድርጎ ዘግቶታል፤ እሳቸውም ተደግፈውት ቆመዋል። ቤት ደብቀናል ይባላል? ፈርሜ ሸኘኋት።

ጋሽ መኮንን መቼ እንደሚወርሱን በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ኧረ ለተቆጠረው ክፍል ኪራይ ሊሞሉ ነው አልኳቸው።

«ላልተቆጠረውስ?» አሉኝ።

ከታች እትዬ ዘይነባ ወደ ጓሮው በር ሻንጣ ሲጎትቱ ይሰማል።

ሽማግሌው በሩን በርግደው ወጡ። ሴትዮዋ ተመልሳ ስድስት ብላ እንደጻፈች፣ ከወር በኋላ ፈቃዱ እንደመጣ፣ እትዬ ዘይነባም ሻንጣቸውን እንደፈቱ ልንገራችሁ። እኔን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ከመንግሥት ሸሽተው ካናዳ የገቡት ጋሽ መኮንን፣ በነጠላ ጫማ፣ በዚያ በረዶ ላይ የመንግሥትን መኪና እያባረሩ በአማርኛ ይጮሁ ነበር፦

«እሜቴ፣ ይቁሙ! ትርፍ ቤት አለኝ!»