ብርድ የማያስገባው ማስክ

ፈሪ ሰው መነገድ አይችልም የሚላችሁ ካጋጠማችሁ አትመኑት። መነገድስ ይችላል፤ ችግሩ ሸቀጡም እሱን መምሰሉ ነው! «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል... እናትየዋ ራሷ ፈሪ ስትሆንስ ለማን ናት?

ኮሮና ገብቶ ጆሃንስበርግ ሲቆለፍ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር ያለው የባለቤቴ ሱቅም አብሮ ተቆለፈ። የሱፍ ብርድ ልብሱን ሁሉ አምጥቶ ቤሪያ ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤታችን ውስጥ እስከ ጣሪያ ከመረው። ሱቅ ዝግ፣ ገቢ ዝግ... የልጄ የሳሮን ሆድ ብቻ ክፍት ነበር!

«ለምን ማስክ አልሰፋም?» አልኩት። የስፌት መኪና አለችኝ፤ ጨርቅ ደግሞ ተራራ ሙሉ።

ባለቤቴ ጢሙን እያሻሸ አሰበ። «የሳሮን እናት፣ ሁለት ብርድ ልብስ ቁረጪ። ገበያ ካገኘሽ ቀሪውም ያንቺ ነው። ካላገኘሽ ግን መቀሱን ታስረክቢኛለሽ!»

ሳሮን እዚሁ የተወለደች፣ ትምህርት ቤት ንግድ የምትማር ልጅ ናት። ወዲያው መረመረችኝ።

«ማሚ፣ ቢዝነስ ፕላን አለሽ?»

«መቀስ አለኝ።»

«ኖ፣ ማለቴ ማነው የሚገዛሽ?»

«አፍንጫ ያለው ሁሉ!»

አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ከዚህ በላይ ምን ልመልስ?

ነገሩ የተበላሸው ስፌቱ ላይ ነው። ያኔ ለበሽታው ሲባል የታክሲ መስኮት ይከፈት ተብሏል። እናንተዬ! በጆበርግ ብርድ፣ መስኮት ተከፍቶ! ከፊት ኮሮና፣ ከጎን ንፋስ! ንፋስ አፍ እንደሚያጣምም ለእናንተ አልነግራችሁም። እውነቱን ካወጣሁት፣ ከሁለቱ የባሰ የምፈራው ንፋሱን ነው። ስለዚህ አንዱን ድርብ ለኮሮና፣ አንዱን ለንፋስ አደረግኩት። ሦስተኛው ምናልባት ሁለቱ ቢቀደዱ ነው። አራተኛውን ለምን እንደጨመርኩት አላውቅም... እጄ ፈርቶ ይሆናል!

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ከላይኛው ፎቅ ያሉት አሮጊት ነበሩ። በዙሉ አያት ማለት ነውና ሁላችንም «ጎጎ» እንላቸዋለን። ሁለት ገዙኝ። እልል ልል ትንሽ ቀረኝ!

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ።

«ሃይቦ! ማማ ሳሮን፣ ልትገድዪኝ ነው?»

«ምነው ጎጎ? ኮሮና አይገባበትም እኮ!»

«አየሩም አልገባም! ታክሲ ውስጥ 'አውርደኝ' ብዬ ብጮህ፣ ብጮህ... ድምፄ እዚያው ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀረ! ሹፌሩ ይዞኝ ነጎደ። ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ!»

ከክምሩ ጀርባ ባለቤቴ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ እጁ ብቻ ብቅ አለ... መዳፉን ዘርግቶ። መቀሱን አምጪ ነው! ከመቀሱ ጋር የልጄም ቁርስ የሚሄድ መሰለኝ።

«ይቅርታ ጎጎ፣ ሁለቱንም ይመልሱልኝና ገንዘብዎን ልስጥዎ» አልኳቸው።

«ምን? አልመልስም!» ማስኮቹን ደረታቸው ላይ አጣበቁ። «ትናንት የሚንተከተክ ድስት አወጣሁበት፤ እጄን ሙቀት አልነካኝም! ማሰሪያው ደግሞ ሚስማር ላይ ለመስቀል እንዴት ተመቸኝ መሰለሽ! ለእህቴም ሁለት ስጪኝ።»

ባለቤቴ እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶበት ከማብሰል በቀር ሥራ የለውም። በሳምንቱ የፎቁ ሴቶች ደረጃው ላይ ተራርቀው ተሰለፉ። ባለቤቴ ከተራራው አናት ብርድ ልብስ እያወረደ «ይህንንም ቁረጪው» ይለኝ ጀመር። እኔ ግን ቀጭን ማስክ ከሰው ገዝቼ፣ እሱን አድርጌ ድስት መያዣ መስፋቴን ቀጠልኩ።

ሳሮን በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ልትጽፍልኝ ተቀመጠች።

«ማሚ፣ ምን እንሸጣለን ልበል?»

ትንሽ አሰብኩ። ጥንቃቄ አይከፋም።

«'አለ' ብለሽ ብቻ ጻፊ። ምን እንደሆነ ገዢው ይነግረናል!»