ከማሊያ ላይ የተተረተረ ስም

ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ደረቴን ነፍቼ አይደለም፤ ሁሉም ደፋር ነኝ በሚልበት ከተማ አንድ ፈሪ ቢኖር አይከፋም ብዬ ነው። ሥራዬ ልብስ መስፋት ነው፤ ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ። መቀስ የያዘ ሰው ደግሞ መፍራት አለበት። ሱሪ አንዴ ካጠረ አጠረ ነው፣ ባለቤቱን ይቅርታ በመጠየቅ አይረዝምም። ደጋው ሲጠቁር ከርሞ ደረቅ አሸዋ የሆነውን የደቻቱን ወንዝ እፈራለሁ፤ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ እላይ የዘነበው ድንገት እያጓራ ይመጣልና። ሐኪም እፈራለሁ። አከራዬን እፈራለሁ። ከነዚህ ከለመድኳቸው ፍርሃቶች ጋር ተስማምቼ ስኖር፣ ዘንድሮ አንድ አዲስ ተጨመረብኝ፤ የገዛ ቡድኔን ደጋፊዎች መፍራት ጀመርኩ።

የሌላ ቡድን ደጋፊ ምን ያስፈራል? ጨዋታው እስኪያልቅ ሰድቦህ፣ በመጣበት አውቶቡስ ወደ አገሩ ይመለሳል። የራስህ ደጋፊ ግን ጎረቤትህ ነው። ዳቦ የምትገዛው ከእሱ ነው፣ የምትሳፈረው የእሱን ባጃጅ ነው፣ ቤትህ የት እንደሆነ ለማንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

ነገሩ የጀመረው ቡድናችን ነጂብን የለቀቀው ጊዜ ነው። ነጂብ አምበላችን ነበር፤ ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ እያባረረ ያደገ የሰፈር ልጅ። አመራሩ "ለቡድኑ ጥቅም ሲባል" አለና ለሌላ ከተማ ቡድን ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለም። ትንፍሽ ማለቱን እኛ ወሰድነው። ግማሹ ደጋፊ፣ "መደገፍ ማለት ቡድኑ ያደረገውን መቀበል ነው፣ የሚተች ከሃዲ ነው" አለ። ግማሹ ደግሞ፣ "የሚቆጣው የሚወድ ነው፣ ከሃዲስ ዝም የሚለው ነው" አለ። አንተ አንባቢዬ ሁለቱም እውነት አላቸው ትል ይሆናል። እኔም ሻይ ቤት ውስጥ እንዲሁ ብዬ ነበር። የዚያን ዕለት የተሰበረው ወንበር ከእኔ አጠገብ የነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ ሻዬን በረንዳዬ ላይ ነው የምጠጣው።

በረንዳውም ግን አላዳነኝም። በየደጋፊው ማሊያ ጀርባ ላይ የነጂብን ስም ከነጭ ጨርቅ ቆርጬ የሰፋሁት እኔ ነኝና።

ነጂብ በአዲሱ ቡድኑ ማሊያ ሊገጥመን የሚመጣበት ጨዋታ ዋዜማ፣ ሙክታር ባጃጁን በረንዳዬ ሥር አቆመ። ሙክታር የመጀመሪያው ወገን መሪ ነው፤ የቡድኑን ስም በክፉ ያነሳ ተሳፋሪ መንገድ ላይ ያወርዳል። ትልቅ ፌስታል ሙሉ ማሊያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ።

"ወሪያ፣ ይሄን ስም ተርትርልን። ነገ ሲገባ ሁላችንም ዞረን ጀርባችንን እንሰጠዋለን። ባዶ ጀርባ ይይ።"

"ሁሉንም?" አልኩ።

"ሁሉንም። ምነው፣ አንተም ተቺ ሆንክ እንዴ?"

"ኧረ እኔ ሰፊ ነኝ አቦ!"

እሱ ሲሄድ፣ ከሰዓት በኋላውን አግዳሚዬ ላይ የሚያሳልፈው ጋሽ በቀለ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጋሽ በቀለ የምድር ባቡር ጡረተኛና የተቺዎቹ አባት ነው። በድሬ ወግ ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው፣ የሌላ አገር አንባቢ አይደንግጥ።

"ልትተረትረው ነው?"

"ጋሼ፣ ምን ላድርግ ትለኛለህ?"

"እኔማ ምንም አልልህም፤ የኛ ልጆች ቢሰሙ ግን የለሁበትም።" የስፌት መኪናዬን መታ መታ አደረገና፣ "ይቺ መኪናህ እዚሁ በረንዳ ላይ ነው አይደል የምታድረው?" አለኝ።

ይህንን ያለኝ በለሰለሰ ድምፅ ነው። የስፌት መኪናዋ ከአባቴ የወረስኳት ናት፤ ቤቴ የሚበላው ከእሷ ነው። ብትሰበር ሌላ የለኝም።

የፈሪ ሒሳብ አጭር ነው፤ ሙክታር ጋሽ በቀለን በጉልበት ያስከነዳል። ምላጬን አነሳሁና መንገዱን እያየሁ መተርተር ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ማሊያ ጨርሼ ክሩን አራግፌ ስዘረጋው ግን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። የድሬ ፀሐይ ማሊያውን በልታ ቀዩን ቀለም ወደ ሮዝ ወስዳዋለች፤ ከፊደሎቹ ሥር ያለው ጨርቅ ግን እንደተገዛበት ቀን ደም መስሎ ተቀምጧል። ነጂብ ይላል። ክር የለ፣ ጨርቅ የለ፣ ነጂብ ይላል። አጠብኩት፣ ተኮስኩት። ይባስ ብሎ ደመቀ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም፣ እስከ መጨረሻው እንደዚያው።

አመሻሹ ላይ ሙክታር ሲመጣ አንዱን ማሊያ አንስቼ በሁለት እጄ ዘረጋሁለት። ጋሽ በቀለም ከአግዳሚው ተነስቶ ቀረበ። ሙክታር በጣቱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው።

"ወላሂ ሆን ብዬ አይደለም" አልኩ። "ፀሐይ ነው።"

"አይለቅም?"

"እንደሌላው እስኪገረጣ ነው። ነጂብ እዚህ የቆየውን ያህል ጊዜ ይፈልጋል።"

"ከሩቅ ይነበባል?"

መዋሸት አማረኝ፤ ግን ነገ ስታዲየም ውስጥ ራሱ ሊያየው ነው። "ከሩቅ ይብሳል" አልኩ።

ማሊያዎቹን ሰብስቦ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ የዚያን ቀን መኪናዬን ተሸክሜ ቤቴ አስገባኋት።

በማግስቱ ስታዲየም ገብቼ መውጫው በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋሽ በቀለ አጠገቤ ነው። ነጂብ ከአዲሶቹ ጓደኞቹ ጋር ብቅ አለ። ሙክታር ከታች ተነሳ። ነገሩን መተው ይችል ነበር፤ አይቶታል፣ አንብቦታል።

"ዙሩ!" ብሎ ጮኸ።

ዞሩ። ነጂብ ሊያልፍ ሲል ቆመ። ያ ሁሉ ጀርባ ስሙን ይዞ ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ጋሽ በቀለ ኮፍያውን አወለቀ። ጀርባቸውን ለሜዳው የሰጡት ፊታቸው ወደኛ ነው፤ ሙክታርን ያየሁት ያኔ ነው። ያ ግዙፍ ሰውዬ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ስለ ቡድኑ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ዛሬም አይወጣውም። እኔ ስፈራው የከረምኩት ሰው ለካ እሱም መናገር ፈርቶ ነው የከረመው።

በሳምንቱ ያንኑ ፌስታል ይዞ መጣ። የአዲሱን አምበል ስም በዚያው ቦታ ላይ እንድሰፋለት ነው።

"ጠበቅ አድርገህ ስፋው" አለኝ። "ይሄኛው የትም አይሄድም።"

"ኢንሻላህ" አልኩት። እስኪሄድ ጠበቅኩና፣ ላላ አድርጌ ሰፋሁት።